ዲስኩ ሲያኝክ

ባለዲፕሎማው ቀጂ ሽቦን የሰደበው ማክሰኞ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቀው የስቱዲዮው ግድግዳ ሰዓት ልክ ከባለዲፕሎማው አናት በላይ ስለተሰቀለ ነው፤ ሰው ሲሰድበው ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር መፈለግ የቆየ ልማዱ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ባለዲፕሎማው ክርኑ ላይ የሳሳ ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ ሻዩን በግራ እጁ ይዞ ነበር። ከሁለቱ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ ቤዝ ጊታር ሊጫወት የመጣ ሰውዬና የስቱዲዮው ባለቤት፣ ማለትም የእህቱ ባል።

እሱ ያለው ይህችን ብቻ ነው፦ «ማሽኑ ከብዶታል። ቫዮሊኖቹን ብንጠቀልላቸው ይሻላል።»

ባለዲፕሎማው ዞር እንኳ አላለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሳቀ። ሳቁ አደፋፈረውና ጨመረበት፦ «ጋሽ ሽቦ፣ እርስዎ ገመድዎን ይጠቅልሉ። ስለ ማሽኑ ሲጠየቁ ይናገራሉ። ይሄ ስምንተኛ ክፍል ላይ አይሰጥም።»

የእህቱ ባል አልሳቀም፤ ግን ባለዲፕሎማውን ተው አላለውም። «እንቀጥል» ነው ያለው። እሱም ከስድቡ ጋር አብሮ በቂም ተያዘ።

ሌላው ሰው የልጆቹን የልደት ቀን እንደሚያስታውስ፣ እሱ የተሰደበበትን ቀን ያስታውሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው የእሱ ቢጤ ሳይሆን አይቀርም። ስምንተኛ ክፍል ሳለ፣ ከፈተና ማግስት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ የሒሳብ አስተማሪው «አንተ እዚህ ወንበር ልታሞቅ ነው የምትመጣው» አለው፤ በማግስቱ ወንበሩ ቀዝቅዞ ዋለ። የእህቱ ባል ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ስቱዲዮው በተመረቀበት ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ብርጭቆ እንደያዘ ትከሻውን አቅፎ ለእንግዶቹ አስተዋወቀው፦ «ይሄ የሚስቴ ወንድም ነው። ሽቦ ከሰጣችሁት ምሳ አይጠይቃችሁም።» ሠላሳ ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። እስከ ዛሬ ሆዱን የሚበላው የሠላሳው ሳይሆን ያ የራሱ ሳቅ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ ሽቦ ሆኖ ቀረ።

ያን ስቱዲዮ ማን ሠራውና? ቀድሞ መኪና ማደሪያ ነበር። ግድግዳውን በወፍራም ምንጣፍ የሸፈነው እሱ፣ በቀጂውና በዘፋኙ ክፍል መካከል ያለውን ድርብ መስታወት የገጠመው እሱ፣ ከወለሉ ሥር ያለውን ገመድ ሁሉ አንድ በአንድ የዘረጋው እሱ። ምረቃው ላይ ግን የተጨበጨበው ለመስታወቱ ነው፤ መስታወት ራሱን የገጠመ ይመስል።

ሙያውን የተማረው በቴፕ ዘመን ነው፤ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ፣ አራት መስመር ብቻ በሚቀዳ ትልቅ ማሽን ላይ። አራት መስመር ማለት ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር ሲገባ አንድ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ዘፋኙስ? ኦርጉስ? ተቀባዮቹስ? እና ሦስቱን አንድ ላይ እያጫወትክ በአራተኛው ላይ ትቀዳቸዋለህ፤ ሦስቱ በአንድ መስመር ይገባሉ፤ የነበሩባቸው ሦስት መስመሮች ይለቀቁልሃል። የዚያ ቤት ሰዎች ይህንን መጠቅለል ይሉታል። አንዴ የተጠቀለለ አይፈታም። ከበሮው ቢበዛ በዛ፣ ጊታሩ ቢያንስ አነሰ። ስለዚህ ከመጠቅለልህ በፊት ጆሮህ መቁረጥ አለበት። እሱ በዚህ የታወቀ ነበር፤ በዚያ ቤት ሳለ እሱን ያልሰደበ ሰው ቢኖር የቤቱ ጌታ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ስለማይናገር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያስተማረው የለም። ከጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየ። ከማየት ይልቅ ግን የገባው በመዳፉ ነው። ሰዉ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ፣ እሱ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሳጥን እጁን ይሰድና ጎኑን ይዳስሳል። ሳጥኑ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። ሥራ ሲቀለው እንደተኛ ድመት ያንኮራፋል፤ ሲበዛበት ያኝካል፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጠጠር የማኘክ ድምፅ። ማኘኩ ፋታ ካጣ ማሽኑ ሊቆም ነው ማለት ነው። ይህን ባለዲፕሎማው አያውቅም፤ መዳፍ የሚባል ትምህርት አልወሰደማ።

አንድ ቀን እህቱ ምሳ እየበሉ ጠየቀችው። «እስቲ አስረዳኝ፤ ባለቤቴ ሜሞሪ ሜሞሪ ይላል፣ ያ ልጅ ደግሞ ዲስክ ዲስክ ይላል። ልዩነቱ ምንድነው?»

«ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛ ነው፣ እትዬ። ዲስክ ማለት ጓዳ ነው። ልትሠሪበት የፈለግሽውን ከጓዳ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጊያለሽ። ጠረጴዛው ሲሞላ ማሽኑ ሞላብኝ አይልሽም፤ ሰው አይደለም፣ አፍ የለውም። ከጠረጴዛው ጥግ እያነሳ ጓዳ ይከታል፤ ሲፈልገው መልሶ ያወጣል። እንዲህ ሲመላለስ ይውላል። የጓዳው በር ደግሞ አንድ ነው። ተመላላሹም አንድ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔ ነኝ» አለች እየሳቀች። «ጋሼህ ሳይነግረኝ አስራ ሁለት እንግዳ ይዞ ሲመጣ።»

እሱም ሳቀ። ከሰው ጋር ሲስቅ የማይቆጨው ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

የዚያው ሳምንት የሐሙስ ቀረጻ የእሷ ነበር። እህቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀባይ ነበረች። ሌላው ሲዘፍን ከኋላ ቆማ አዝማቹን ትቀበላለች፤ ዘፈኑ ሲታወቅ የሚታወቀው ሌላው ነው። በሰው ዘፈን ሁሉ ውስጥ አለች፤ በአንዱም ሽፋን ላይ የለችም። አምና ድምፅዋ ሻከር ማለት ጀመረ። ሐኪሙ መሣሪያውን በጉሮሮዋ ሰዶ አየና የድምፅ ጅማቷ ላይ አንዲት እንደ ስንዴ ፍሬ ያለች ሥጋ አገኘ። ትወጣለች፤ አደገኛ አይደለችም። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው ይመለሳል ብሎ አልማለም። «መናገር ትናገሪያለሽ፤ መዝፈኑን አብረን እናያለን» ነው ያላት። ቀጠሮዋ አርብ ጠዋት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው ባሏን «አንድ ዘፈን፣ የራሴን» ያለችው። ግጥሙንም ዜማውንም ያወጣችው ራሷ ናት፤ ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ባልየውም እሺ አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሽቦም አይክድም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ያን ያህል ባላደከመው።

ሐኪሙ ለሐሙስ የፈቀደላት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። «ጉሮሮሽን ሲያቃጥልሽ አቁሚ፤ ለአንድ ዘፈን ብለሽ ደም እንዳታመጪብኝ።»

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሞቀ ውሃዋን በፔርሙስ ይዛ ገባች። ሽቦ ማይኩን በቁመቷ ልክ አቆመላት፤ ወደ አፏ ሳይሆን ወደ አገጯ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሿ ማይኩ ላይ እንዳይነፋ። የጆሮ ማዳመጫውን አለበሳት። «ይጠብቅሻል?» «አይ፣ ደህና ነው።» ከዚያ ወደ ቀጂው ክፍል ተመልሶ ከባለዲፕሎማው በስተጀርባ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። የእህቱ ባል በሩ ሥር ቆሟል።

ባለዲፕሎማው ዘፈኑን ከፈተ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በመስመር ተሞላ። ሽቦ ቆጠራቸው፤ ስልሳ ሦስት። ሃያ አራቱ ቫዮሊንና የቫዮሊን ዘመዶች ናቸው። ሰው የተጫወታቸው አይደሉም፤ እያንዳንዷን ድምፅ ማሽኑ ከዲስኩ እየቀዳ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ሙዚቃው ሲጀመር ሃያ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ጓዳ ገብቶ ዕቃ አቀብሉኝ ይላል። እያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ የአዳራሽ ማሚቶ ተጭኖባቸዋል፤ ሃያ አራት አዳራሽ።

«ሁሉም ሕያው ናቸው» አለ ባለዲፕሎማው ለእህቱ ባል፣ እንደሚኮራ አባት። «ምንም አልዘጋሁም። በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ አንዷን ቫዮሊን ልቀይር ብል እችላለሁ።»

«ጎበዝ» አለ የእህቱ ባል።

ሽቦ እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ገና ሙዚቃው ሳይጀመር ዲስኩ ያኝካል። ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ጽሕፈት አነበበ፤ ዲስኩ ከመቶ ዘጠና ስድስት ሞልቷል። ዘፈኑ እዚያው ላይ ነው፤ ቫዮሊኖቹ የሚቀዱት ከዚያው ላይ ነው፤ የእህቱ ድምፅ የሚጻፈው እዚያው ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ማሽኑ የትናንቱን ሥራ ግልባጭ እያወጣ ነበር፤ እሱንም ማንም አላስቆመውም። ጠረጴዛው ሞልቶ መሬት ነክቷል። ይህ ዘፈን መጨረሻው አይደርስም። ሁለተኛውን አዝማች ካለፈ እሱ ሽቦ አይደለም።

አፉን ከፈተ። ከዚያ «ሲጠየቁ ይናገራሉ» ትዝ አለው። አልተጠየቀም። አፉን ዘጋ።

ሙዚቃው ተጀመረ። እህቱ ዓይኗን ጨፍና ገባች። የመጀመሪያው ቤት፣ አዝማች፣ ሁለተኛው ቤት፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሙዚቃው እንደ ክር ብጥስ አለ። ስክሪኑ ላይ ዲስኩ ሊደርስ አልቻለም የሚል መልእክት ወጣ። ባለዲፕሎማው ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ከማሽኑ ነው። ትንሽ ፋታ ልስጠው።»

ፋታ ያለው ማሽኑ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት ጥቂት አጠራቅሞ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ማሽኑ ይተነፍሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዘፋኙ ነው፤ የራሱ ድምፅ ወደ ጆሮው ዘግይቶ ይመጣበታል። እህቱ ገና ሁለት ቃል ዘፍና አቆመች።

«የገዛ ድምፄ ከኋላዬ ይከተለኛል» አለች በማይኩ። «ዕዳ ያለብኝ ነው የመሰለኝ።»

ወንዶቹ ሳቁ። አንደኛውን ጆሮዋን ከማዳመጫው አወጣችና፣ «በዚህኛው ሙዚቃውን፣ በዚህኛው ራሴን እሰማለሁ፤ ቀጥሉ» አለች።

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ፋታ መስጠት በሽታውን አይነካውም፤ ጓዳው ጠቦ ሳለ ለተመላላሹ ወንበር ማቅረብ ነው። መድኃኒቱ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁሉን ጠቅልሎ ማሳረፍ ነው። ግን በሆዱ የነበረው ሌላ ነው። አንዴ ይውደቅ፤ አንዴ ብቻ፣ በባለቤቱ ፊት፣ ዲፕሎማው እጁ ላይ እያለ። ከዚያ ዞረው ይጠይቁኛል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ ነበር አባቱ፤ ቂም ይዞ ዝምታን ግን ማንም አልተረተበትም። እጁን ሳጥኑ ላይ እንዳደረገ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ቅጂ ሲጀመር ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰው አንዳንዴ ጉሮሮው ሊዘጋ ሲል ይከፈታል። ለሠላሳ ዓመት ያልታየች ዘፋኝ ከእህቱ ውስጥ ወጣችና ማይኩ ፊት ቆመች። አልጮኸችም፤ እንዲያውም ዝቅ አለች፤ ልክ ከጎረቤት ጋር እንደምታወጋ። ባለዲፕሎማው እጁን ከመዳፊቱ ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ አጣጠፈ። የእህቱ ባል በሩን ተደግፎ የነበረው ቀና አለ። ሁለተኛው አዝማች አለፈ። ሦስተኛው ቤት ገባ፦

*የሰው ሰርግ ሳደምቅ፣ የሰው ደጅ ስጠና፣*
*የኔ ቤት ጨልሞ፣ አላየሁም ገና።*

ሽቦ መዳፉ ላይ ማኘኩ ሲፈጥን ሰማ። ሲፈጥን፣ ሲፈጥን፣ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ማሽኑ እንዲቆም ይፈልግ የነበረ ሰው፣ እንዳይቆም ሳጥኑን ጨመቀው፤ ሳጥን በመጨመቅ የሚድን ነገር ያለ ይመስል። «በርታ» አለው ከንፈሩ ሳይከፈት። ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ሙዚቃው ሞተ።

እህቱ ወዲያው አላወቀችም። ማዳመጫው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነበር፤ ዓይኗም እንደተጨፈነ ነው። ከሙዚቃው በኋላ ለአንድ እስትንፋስ ያህል ብቻዋን ዘፈነች፤ ወደ ላይ ወጣች፤ እዚያ ላይ ቆመች። በመስታወቱ አልፎ፣ በምንጣፉ ተውጦ፣ ሳሳ ብሎ ሰሙት። አልተቀዳም። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ፊታቸውን አየች። አሳላት። ሳሉ ቶሎ አልለቀቃትም።

«ምንድነው?» አለ የእህቱ ባል።

«ሜሞሪው አነሰ። ሜሞሪ ይገዛ ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት እጨምርበትና—»

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል ናት።»

ባለዲፕሎማው ጆሮው ድረስ ቀላ። ልጁ ያልገባው ነገር ነበር እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረም። የእህቱ ባል ወደ ስክሪኑ፣ ወደ ሚስቱ፣ ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረ።

«ሽቦ» አለ። «የምታውቀው ነገር አለ?»

ለሰባት ዓመት የጠበቀው ጥያቄ ይህ ነው። በተኛበት ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ስንት ዓይነት መልስ አዘጋጅቶለታል፤ አንዳንዱ መልስ ረጅም ነበር፣ ምሳሌና ተረት ሁሉ ነበረበት። አሁን ሲመጣ እንደ ሞቀ ውሃ ጣዕም የለውም።

«አለ» አለና ተነሳ። «ሃያ ደቂቃ ስጡኝ። እሷ አታውራ፣ ውሃ ትጠጣ።»

ባለዲፕሎማው ወንበሩን ለቀቀለት። ሽቦ ከሁሉ በፊት ግልባጭ የሚያወጣውን ፕሮግራም አስቆመ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ፣ ለወር መጨረሻ ማስቀመጫ ተብሎ የተገዛውን ሁለተኛ ዲስክ አወጣና ሰካው። ዘፈኑን ከእህቱ ድምፅ ለይቶ፣ ስልሳ ሁለቱን መስመር አንድ ላይ ጠቅልሎ ወደዚያ ባዶ ዲስክ እንዲጽፍ ማሽኑን አዘዘው።

«ቆይ፣ ጋሽ ሽቦ» አለ ባለዲፕሎማው በቀስታ። «ሲቀዳ መቆሙ ካልቀረ፣ ሲጠቀልልስ አይቆምም?»

«ሲጠቀልል የሚያጣድፈው የለም። ሰው እየጠበቀው አይደለም፤ ሲደክመው ያርፋል፣ ሲያርፍ ይቀጥላል።»

«ግን ቫዮሊኖቹን መግደል አይሆንም?»

«ማስተኛት ነው። የድሮው ፋይል እዚያው አለልህ፤ ነገ ቀስቅሳቸው። ዛሬ ግን ለእሷ ቦታ ይልቀቁ።»

ባለዲፕሎማው ራሱን ነቀነቀ። ወረቀት ፈልጎ የሆነ ነገር ጻፈ። ሽቦ በዓይኑ ጥግ አየውና ደስ ሊለው ሞከረ።

ጥቅሉ ሲያልቅ ያን ስልሳ ሦስት መስመር ያለበትን ዘፈን ዘጋው። ማሽኑንም አጥፍቶ አስነሳው፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረ ፍርፋሪ እንዳይኖር። ከዚያ በሁለተኛው ዲስክ ላይ አዲስ ባዶ ሥራ ከፈተና ሁለት መስመር ብቻ አሰመረበት፦ በአንዱ ሙዚቃው፣ በሌላው እሷ። ፋታውን ወደ ትንሹ መለሰው። ስክሪኑ ጠፍ መሬት መሰለ። ሳጥኑን ዳሰሰው፤ ዝም ብሏል።

«በሁለቱም ጆሮሽ አድርጊው፣ እትዬ። አሁን አይከተልሽም።»

አደረገችው። ሦስተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምንም ሳይነካው ሄደ። ማሽኑ እንደተኛ ድመት አንኮራፋ። እህቱ ግን ተለውጣለች። ድምፅዋ ጠርዙ ላይ አቧራ አለው። ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ በሚወጣበት፣ አልወጣችም፤ እንደ ብልህ ሰው በሥሩ ዞራ አለፈችው። ሰው ላያውቅባት ይችላል። ጨረሰችው። ከዚያ ጉሮሮዋን በሁለት ጣቷ ያዘችና፣ በቃኝ ብላ በእጇ አሳየች። ሐኪሙ የሰጣት ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።

የቀረው የሽቦ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ቅጂ እስከቆመበት ድረስ በዲስኩ ላይ ተርፏል። እሱን አመጣውና፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቤት መጨረሻ በሁለተኛው ቅጂ አስኬደው፤ ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው ቀጠለው። መገናኛውን ትንፋሿ ላይ አደረገው፤ በቴፕ ዘመን በምላጭ ቆርጦ እንደሚለጥፈው። ሦስት ጊዜ አጫወተው። ሙዚቃው አንድ ነው። ሴትየዋ ግን ሁለት ናት፤ አንደኛዋ በር ከፍታ ትወጣለች፣ ሌላኛዋ በሩን ዘግታ ትቀመጣለች።

«መገናኛው አይሰማም» አለ የእህቱ ባል። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ምንም አይሰማም። ልክ እንደ አንድ ነው። ሽቦ፣ እጅህ ይባረክ።» ትከሻውን አቀፈው፤ በምረቃው ቅዳሜ ባቀፈበት በዚያው ክንድ። ሽቦ ትከሻው እስኪለቀቅ ጠበቀ።

«እኔም አልለየሁትም» አለ ባለዲፕሎማው። ከዚያ ምንም ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ የማክሰኞው ቀን ጨርሶ ከራሱ እንደጠፋ ሰው፣ «ግን ጋሽ ሽቦ፣ ይህን ካወቁ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?» አለው።

መልስ ነበረው። መልሱ ቀንና ሰዓት ነበረው፤ የሹራቡ ቀለም ሳይቀር። ግን ከመስታወቱ ማዶ ያለው መብራት ጠፋና እህቱ ከዘፋኙ ክፍል ወጣች፤ ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ባሏ ካፖርቷን ሊያመጣ ሄደ። ባለዲፕሎማው ወንበር ሳበላትና መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እህቱ አልተቀመጠችም። በምልክት አጫውተው አለችው። አጫወተው። መገናኛው ጋ ሲደርስ ዓይኗ ስክሪኑን ትቶ ወደ እሱ መጣ። እሷ ሰምታዋለች። ሠላሳ ዓመት ከሰው ድምፅ ጋር ድምፅዋን ስታጋጥም የኖረች ሴት አንዲት ስፌት አታመልጣትም።

«ሁለተኛው ነበር ደጉ» አለች በሹክሹክታ። ሐኪሙ አታንሾካሹኪ ብሏት ነበር፤ ከመናገር ይብሳል ብሏታል። እሱ እንዳትናገር እጁን አነሳ። እሷ እጁን ይዛ ዝቅ አደረገችው፤ መዳፉን ገልብጣ አየችው፤ ሳጥኑን ሲዳስስ የሚውለውን፣ አቧራ የጠጣውን መዳፍ።

«በመስታወቱ አይቼሃለሁ» አለችው። «ገና ከመጀመሪያው፣ አፌን ሳልከፍት፣ እጅህ ወደ ሳጥኑ ነበር።»

ሽቦ ዓይኑን ወደ ሳጥኑ ሰደደ።

«ወንድሜ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?»

ቁጣ የለበትም። የጠየቀችው ልክ ሜሞሪና ዲስኩን እንደጠየቀችው ነው፤ ከእሱ የሚመጣውን መልስ ለማመን ተዘጋጅታ። አላውቅም ነበር ቢል ታምነዋለች። አውቅ ነበር ቢል ምናልባት ትስቅ ይሆናል፤ ምናልባት። በሕይወቱ ቀንና ሰዓት ይዞ ካስቀመጠባቸው ሰዎች መሃል እሷ የለችም፤ አንዲት ቀን የላትም። አሁን እሱ በእሷ ዘንድ አንድ ቀን ሊኖረው ነው፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከምናምን።

እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ። ሥራውን በዘፈኑ ስም አስቀመጠው። ሁለተኛውን ዲስክ ነቅሎ በካፖርቷ ኪስ እንድትከተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከፔርሙሱ አጠገብ አኖረላት። ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደ። ባሏ ካፖርቷን ይዞ በኮሪደሩ ሲመጣ ተላለፉ፤ «ወዴት ነው? አብረን እንሂድ እንጂ» አለው። በሩን ከፍቶ ወጣ። ባለዲፕሎማው መኪናውን አስነስቶ የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቃል። ሽቦ በመኪናው ጎን አልፎ፣ እርጥቡን መንገድ ይዞ፣ ለአንዳቸውም ሳይመልስ ሄደ።